ማተብ ያሰረው ጀሪካን

መጨረሻ ላይ የምትሰሙትን አባባል ዛሬ ሰው ሁሉ አፉ ላይ አድርጎታል። ጠጪ "መጠጥ ተውኩ" ብሎ ሲምል ይተርቱበታል። ሌባ መንኩሶ ቆብ ሲደፋ ይተርቱበታል። ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር በገዛ አልጋው ላይ በእንቅልፍ ልቡ "ተኩስ!" ብሎ ሲጮህ፣ ሚስቱ ለጎረቤቷ ስታወራ ትተርትበታለች። ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን የሚያውቅ የለም። ባለፈው አንድ አስተማሪ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ "ይህ ተረት የመጣው ከጠላ ጋን ነው" ሲል ሰማሁት። ጋን! የምን ጋን! እኔ ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠርኩም፤ ፈርሚ ብትሉኝ አውራ ጣቴን ነው የምሰጣችሁ። ግን ያ ቃል ከአፍ ሲወጣ እዚያው ቆሜ ነበር። የወጣውም ከጋን ሳይሆን ከአንድ ቢጫ ጀሪካን ሆድ ነው። እንግዲህ የሚሰማ ይስማ፤ የማይሰማ ወደ አስተማሪው ይሂድ።

ሰንበሌጥ የሚባለው አገራችን ሜዳ ነው። ከላይ ከመንደሩ ይጀምርና ዓይን ሳያውቀው እያዘነበለ ወርዶ ወርዶ አቦ ጠበል ላይ ያልቃል። ለሚያየው ሰው ጠፍጣፋ ይመስላል፤ የደከመ ሰው ግን ሳያስበው እግሩ ወደ አቦ ይወስደዋል።

በዚህ ሜዳ ሰው በበሬ ሲያርስ ኖሮ፣ አቶ ሞላልኝ ትራክተር ገዝቶ መጣ። ስሙ ሞላልኝ ነው፤ ሞልቶለት ግን አያውቅም። ሙክት አርዶ በርበሬ የሚሰስት ሰው አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ትራክተሩ ቀይ ነበር። በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የአሥር ቀኑን እርሻ በአንድ ቀን ጨረሰ፤ ሰው አበደ። በሁለተኛው ዓመት "በሬ ምን ይሠራል? ጭድ ይጨርሳል እንጂ" ተባለና ሰንበሌጥ በሬውን እየነዳ ገበያ አወጣ። እኔም አወጣሁ። ቦራ የሚባል፣ ስሙን ስጠራው ጆሮውን የሚያቆም በሬ ነበረኝ፤ ገመዱን ለማላውቀው ሰው አስጨብጬ ዞሬ ሳላይ ተመለስኩ።

ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ሲገባ በሜዳው ላይ የቀረው ሦስት ጥማድ ብቻ ነው። ያ ቀይ ብረት ካላረሰ ሰንበሌጥ አይዘራም። ሰንበሌጥ ካልዘራ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ፤ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፣ አላወራውም።

ናፍጣ የምሸጠው እኔ ነበርኩ። ባሌ ሲሞት የወፍጮ ቤቱን በርሜሎች ትቶልኝ ሄደ። ለወፍጮው፣ ለመስኖው ፓምፕ፣ ለትራክተሩ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሥራው ንቀት አይወድም። የናፍጣ ዕቃ ቆርቆሮ ይሁን፤ ክዳኑ በብረት መንጠቆ ግጥም የሚል፣ አፉ ላይ ያለው ላስቲክ ያልተቀደደ። የፓምፑ ቤንዚን ሌላ ዕቃ አለው፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት። ነጭ ጋዝም የራሱ አለው። ውሃ የገባበት ዕቃ ግን ናፍጣ ደጅ አይድረስ። ከበርሜል ስትቀዱ የታችኛውን አራት ጣት አትንኩት፤ ዝቃጭ ነው። ታንከር ስትሞሉ በነጭ ሻሽ አጥልላችሁ ሙሉ። ደግሞ ማታ ሙሉት እንጂ ባዶውን አታሳድሩት፤ ባዶ ታንከር ሲያድር ያልበዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ውሃና ናፍጣ አይጣሉም፤ አይታረቁምም። ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ይተኛና ይጠብቃል። ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ እሳትን ሳይሆን ውሃን የምፈራው በዚህ ነው።

ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። እናንተ ደብዳቤ እንደምታነቡ እኔ ጀሪካን አነባለሁ። ይህኛው የኑግ ዘይት ይዞ ነበር፤ ይህኛው አረቄ፤ ይህኛው ደግሞ "ውሃ ነው" ተብሎ የተማለበት ጠላ። አፍንጫዬን የሚያታልል ዕቃ እስከዚያ ቀን አልመጣም ነበር።

ሞላልኝ ሁለት ቆርቆሮ ጀሪካን ነበሩት። የአንዱ ስፌት ተበልቶ ሲያንጠባጥብ በሳሙና ደፈነው፤ ሳሙናው ሲሟሟ እንደገና ደፈነው፤ በመጨረሻ ከቆርቆሮው ሳሙናው በለጠ። ሁለተኛውን በገዛ ትራክተሩ ሄደበት። ሹፌሩ ባይለየኝ የሚባል፣ ነገር የማያበዛ ጎልማሳ ነው። እኔ ፊት እንዲህ ተባባሉ፦

"ጋሼ ሞላልኝ፣ ይፍቀዱልኝና ከተማ ሄጄ ደህና ዕቃ ገዝቼ ልምጣ።"

"ዕቃ ዕቃ ነው። ካላፈሰሰ ምን ጎደለው?"

"ያላፈሰሰ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።"

"አንተ ሹፌር ነህ ቄስ? ንጹሕ፣ ርኩስ የምትለኝ!"

ባይለየኝ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወደ ትራክተሩ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቀን አልሞላም፣ ሞላልኝ ረፋድ ላይ ብቻውን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደጄ ላይ ቆመ።

"እንዴት አደርሽ፣ እትዬ ይርገዱ። ቶሎ ቅጂልኝ፤ ማሽኑ ማሳ ላይ ቆሟል።"

ክዳኑን ፈታሁና አፍንጫዬን ከተትኩ። ምንም። ምንም አይሸትም። "ታዲያ ጥሩ አይደል?" ትሉ ይሆናል። አይደለም። በዚህ ዓለም ምንም የማይሸት ጀሪካን የለም፤ ከሱቅ የወጣው እንኳ ፕላስቲክ ይሸታል። ይህ ግን የዋሻ አፍ ነበር። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር መጥቶ የላይኛውን ከንፈሬን ነካኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰውዬው በፀሐይ ተሸክሞት ነው የመጣው፤ ዕቃው ግን ቀዝቃዛ ነው።

አንገቱን አየሁት። መላው ጀሪካን በፀሐይ ብዛት ነጥቷል። አንገቱ ዙሪያ ግን አንዲት ቀጭን መስመር ደማቅ ቢጫ ሆና ቀርታለች። ክር የነበረበት ቦታ ነው።

የአቦን ሥርዓት ለማያውቅ እዚህ ላይ ልንገር። ጠበል ሊጠመቅ የመጣ በሽተኛ ሁሉ የራሱ ጀሪካን አለው። የጠበሉ አባት ባርከው አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ያስሩለታል፣ እንደ ሰው ማተብ። ማተብ ያሰረ ጀሪካን አረቄ አይገባበትም፣ ጋዝ አይገባበትም። በሽተኛው ከዳነ ዕቃውን ይዞ አገሩ ይገባል። ካልዳነ ግን ዘመድም ቢሆን አይወስደውም። ክዳኑ ተፈቶ ከጠበሉ አጠገብ ያለችው ዋርካ ላይ ይሰቀላል። ሃያ ይሁኑ ሠላሳ አልቆጠርኳቸውም፤ መቁጠርም አያስደፍርም። ነፋስ ሲመጣ አፍ አፋቸው ይገባና ያንጎራጉራሉ፣ እያንዳንዱ በየድምፁ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። መንገደኛ ሲሰማው መነኮሳት የሚያዜሙ ይመስለውና ነጠላውን ያጣፋል። የአገሩ ሰው ግን ያውቃል፤ እርምጃውን ያፈጥናል።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከገበያ።"

"ከየትኛው ገበያ? ከዋርካዋ ገበያ?"

ዓይኑ ሸሸ። ከዚያ እንደ ተቆጣ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ። "እሺ፣ ከዋርካዋ ነው! ለሙት ምን ያደርግለታል? ደግሞ አጥቤዋለሁ። አንዴ በአመድ፣ አንዴ በአሸዋ፣ አንዴ በፈላ ውሃ።"

"ማተቡንስ?"

"በቢላዋ።"

"የክርስቲያን ማተብ በቢላዋ!"

"ፕላስቲክ ነው፣ እትዬ ይርገዱ! ፕላስቲክ ክርስትና ይነሣል እንዴ?"

"በዚህ አልቀዳም። የራሴን ቆርቆሮ ከወፍጮ ቤት እስካመጣልህ ጠብቅ።"

"ወፍጮ ቤት ደርሰሽ እስክትመለሽ ፀሐይ ትዞራለች።" ክንዱን ዘርግቶ በስተምዕራብ ያለውን ደመና አሳየኝ። ጥቁር ነው፣ ሆዱ መሬት ነክቷል። "ያ ነገ ማታ እዚህ ነው። ጭቃ ከሆነ ይህ ማሽን ማሳ አይገባም። ዛሬ የታችኛውን ጨርሼ ነገ የላይኛውን እጀምራለሁ። ከላይኛው የመጀመሪያው ማሳ የማን ነው?"

የኔ ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ቀዳሁለት። ራሴን አጽድቄ የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ እጄ ነው የቀዳሁት። ሲቀዳ ግን እንዲህ ሆነ። ማንኛውም ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጆሮ ያለው ሰው ሳያይ መሙላቱን ያውቃል። ይህኛው እየወፈረ ሄደ። ሲሞላም፣ ሰው ልቅሶውን እንደሚውጥ፣ ውጥ አድርጎ ዝም አለ። ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁና እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ደርቆ ነበር፤ ግን ጠረግሁት።

አላስቻለኝም። በሬን ዘግቼ ተከትዬው ወደ ማሳው ወረድኩ። ሌሎችም ነበሩ፤ ትራክተር ሲያርስ ቆሞ ማየት በሰንበሌጥ እንደ ሠርግ ነው።

ቀትር ሆኗል። ቀትር የማን ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እናቶቻችን "በቀትር ወንዝ አትውረዱ" ይሉን የነበረው በከንቱ አይደለም። ባይለየኝ ቢጫውን ዕቃ ሲያይ ጌታውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እኔ መሬት አየሁ። እሱም ታንከሩን ሞላ፣ ባዶውን ጀሪካን ከመቀመጫው ኋላ አሰረውና ማረስ ጀመረ።

ሁለት ትልም ሄደ። በሦስተኛው ላይ ጥቁር የነበረው ጭስ ነጣ። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ።

ሞተር ሲያስልም ሲያስነጥስም ሰምቻለሁ፤ የወፍጮ ቤት ሴት ነኝ። ይህ ሳል አልነበረም። አንድ ወፍራም፣ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ድምፅ ነው፤ ሰው አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው እንደሚያለቅሰው። ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ሆነና ጠፋ።

ባይለየኝ ወርዶ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈታ። ከሥሩ ብርጭቆ የመሰለች ጽዋ አለችው፤ ውሃ ካለ እዚያ ውስጥ ይታያል። ጽዋዋ እስከ አፏ ሙሉ ውሃ ነበረች። ኩልል ያለ ውሃ፣ ናፍጣ ነክቶት የማያውቅ። ደፋው፣ ገጠመው፣ አየሩን አስወጥቶ አስነሣው። አሥር እርምጃ ሄዶ ያንኑ ድምፅ ጮኾ ጠፋ። ጽዋዋ ሙሉ ነች። ደፋው። እንደገና። አራት ጊዜ።

ቀረብ ብዬ "የጀሪካን እጀታ ክፍት ነው" አልኩት። "ሆዱን ቢያጥቡት ክንዱ ውስጥ ውሃ ይሸሽጋል። እሱ ይሆናል።"

ራሱን ነቀነቀ። "እጀታ ስንት ይይዛል፣ እትዬ? አንድ ጭልፋ። እኔ የደፋሁት እንስራ ይሞላል።"

መሬቱን አየሁት። እውነቱን ነው። ባለፈበት ሁሉ፣ ዝናብ ያልነካው ደረቅ አፈር ጭቃ ሆኗል።

"ሌላም ነገር አለ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መሪውን የምይዘው ወደ መንደሩ ነው።"

ቀና አልኩ። የትራክተሩ አፍንጫ ወደ አቦ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አራቱንም ጊዜ የቆመው ወደ አቦ ዞሮ ነው።

ከተሰበሰቡት መሐል ጫንያለው የሚባል ቀልደኛ ነበረ፤ በቀብር ላይም ከመቀለድ የማይመለስ። "ይሄማ ጠበል ጠጥቷል!" አለ። "ያደረበት ነው የሚጮኸው። ምን ታያላችሁ? ጠይቁት እንጂ!" በዱላው ኮፈኑን መታ መታ አደረገና የጠበሉን አባት ድምፅ አስመስሎ "ተናገር! ማን ነህ? በየት በኩል ገባህ?" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ራሱ ድምፁን አቅጥኖ መለሰ፦ "ስስት ነኝ፤ በጋሼ ሞላልኝ በኩል ገባሁ!"

ሰው ተንጫጫ፣ ሳቀ። ሞላልኝ ፊቱ እንደ ትራክተሩ ቀላ። "ዝም በል፣ አንተ ከርፋፋ! በሬህን ያሸጥኩህ እኔ ነኝ? ራስህ ነህ ነድተህ የሸጥከው!"

"በሬዬ ቢሆንማ ጠበል ጠጥቶም ያርስ ነበር!" አለ ጫንያለው። ሰው የባሰ ሳቀ።

ሳቁ መሐሉ ላይ ተቆረጠ።

ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉ ባይለየኝ ኪስ ውስጥ ነው። ከኮፈኑ ውስጥ ግን ያ ድምፅ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወፍራም፣ ረጅም፣ አፉን ያልከፈተ። "ጀሪካኑ ውስጥ ነፋስ ገብቶ ነው" ያሉ በኋላ ነበሩ። ጀሪካኑ ግን ክዳኑ ግጥም ብሏል፤ እጄን ጭኜ አይቼዋለሁ። ጫንያለው ዱላውን ጣለ። ሊያነሣው የተመለሰውም ብዙ ቆይቶ ነው።

ያን ጊዜ ባይለየኝ ከትራክተሩ ሥር በጀርባው ተኝቶ የታንከሩን ማፍሰሻ እየፈታ ነበር። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጓል፤ ድንጋዩ ግን በዚያ ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል። ትልቁ ጎማ ሲነቃነቅ አየሁ። ሁለት እግሩን ይዤ ጎተትኩት። አሁን አታዩኝ፣ ያኔ ክንዴ ክንድ ነበር። ጎማው ባርኔጣው ላይ ሄደ። ባርኔጣው ውስጥ ጭንቅላት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትራክተሩ ቁልቁል ሄደ። ሞተር ሳይኖረው የሚሄድ ብረት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፅ የለውም። የሚሰማው የሚረግጠው ሣር ነው።

"በሽተኞቹ!" አለ ባይለየኝ።

ቀትር ላይ ጠበሉ ዙሪያ ተጠማቂው ሁሉ ተኝቶ ይውላል። ሽባው፣ በሰንሰለት የታሰረው፣ ሕፃን ያቀፈችው፣ ሁሉም ከዋርካዋ ጥላ ሥር። ያ ብረት የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ሮጥን። ከሁላችንም ቀድሞ የሮጠው ሞላልኝ ነው፤ ይህን አልክደውም። ደረሰበት፣ ጋቢውን ጥሎ ተንጠልጥሎ ወጣ፣ መሪውን ያዘ። ፍሬኑን ረገጠ፤ አልያዘም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጁ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ወደ ዋርካዋ ሄደ። "ሽሹ! ተነሡ! ሽሹ!" ይላል። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ከእሱ አልሰማሁም። በሽተኛው በሆዱ እየተሳበ፣ ጤነኛው እየተሸከመ ቦታውን ለቀቀ። በሰንሰለት የታሰረውን ሁለት ሴቶች ከነግንዱ ጎተቱት።

ባይለየኝ ከትልሙ ከፍ አድርጎት የነበረው ማረሻ ዋርካዋ ሥር ሲደርስ በራሱ ወረደና ሥሯን ነክሶ ያዘ። ትራክተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

ሜዳውስ ምን ሆነ ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ባይለየኝ ታንከሩን እስከ መጨረሻው አፍስሶ፣ በንጹሕ ናፍጣ አጥቦ፣ ቱቦውን አንድ በአንድ በአፉ ነፍቶ፣ በማግስቱ በኔ ቆርቆሮና በኔ ሻሽ ሞልቶ አስነሣው። አረሰ። የታችኛውን ሜዳ ጨረሰ። የላይኛውን ሊጀምር ሲል ደመናው ወረደ፤ እንኳን ትራክተር ፍየልም የማያስገባ ጭቃ ሆነ። ሦስቱ ጥማዶች ከማሳ ማሳ እየተዋሱ ለአብዛኛው ሰው ደረሱ። ለኔ ማሳ አልደረሱም። ያን ዓመት ማሳዬ ሙጃ አበቀለ፤ የበላሁት የዘመድ እህል ነው። አልተከራከርኩም። በዚህ እጄ ነው የቀዳሁት ብያለሁ።

አሁን ወደ ዋርካዋ እንመለስ።

ስንደርስ ሞላልኝ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ጭንቅላቱ በተሰቀሉት ጀሪካኖች መሐል ገብቷል፤ አንዱ ጉንጩን ነክቶታል። ነፋሱ በርትቷል፣ ቅጠሉ ይራገፋል፣ ነጠላችን ከትከሻችን ይገፈፋል። ጀሪካኖቹ ግን አንድም አያንጎራጉሩም። ያ ሁሉ አፍ ተከፍቶ ዝም። የሚሰማው ያ ከኮፈኑ ውስጥ የሚመጣው ብቻ ነው።

ከፊት ጎማው ስንዝር ርቀት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሲሸሽ እሳቸው አልተነቃነቁም። እማሆይ አትጠገብ ናቸው። ልጃቸውን የውብዳርን ከሩቅ አገር ይዘው መጡ፤ ልጅቷ ሰባት ወር ተጠመቀች፣ በዐቢይ ጾም ሞተች። እናትየው አገራቸው አልተመለሱም። ቆብ ደፍተው እዚያው ቀሩ። ቀን ቀን ዋርካዋ ሥር ይቀመጡና ነፋስ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁሉ ጀሪካን የልጃቸውን ድምፅ ይለዩታል። "ወፍራሙ ነው" ይሉ ነበር ለጠየቃቸው፤ "የውብዳር ስታለቅስ አፏን አትከፍትም።" ሰው ከንፈሩን መጥጦ ያልፋቸዋል። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ "የልጄን ድምፅ ሰምታችኋል? የት ሄደች?" እያሉ ሲጠይቁ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው።

እማሆይ ተነሡ። ማንንም አላዩም። ሞላልኝንም አላዩትም። ወደ ትራክተሩ ቀረቡና መቋሚያቸውን ጎማው ላይ አስደግፈው፣ ጆሯቸውን ትኩሱ ኮፈን ላይ አደረጉ። የሚያቃጥል ብረት ነው፤ አልሸሹም።

"መጣሽ?" አሉ።

ድምፁ ቀጠለ።

"መጣሽ ወይ፣ የኔ እናት? እኔ እኮ የትም አልሄድኩም። እዚሁ ነበርኩ።"

ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ጡት ይዞ እንደሚተኛ ሕፃን አንድ ሁለቴ ተቆራርጦ ዝም አለ። ያኔ ከበላያችን ነፋሱ ጀሪካኖቹ አፍ ውስጥ ገባ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማንጎራጎር ጀመሩ። ጫንያለው ዱላ ስላልነበረው ትከሻዬን ያዘ፤ እኔም አልገፋሁትም።

ሞላልኝ ከመቀመጫው ወረደ ልበል ወደቀ፤ ብቻ መሬት ደረሰ። ቢጫውን ጀሪካን ፈትቶ በሁለት እጁ አቅፎት፣ እማሆይ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እማሆይ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ይቅር ይበሉኝ። ባዶ ዕቃ መስሎኝ ነው። ደግሞ አጥቤው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ምንም እስከማይሸት አጥቤው ነበር።"

እማሆይ አትጠገብ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለን ነበር። ኮፈኑ ያቀላውን ጉንጫቸውን ቀና አድርገው፣ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብለው፣ ክሩ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ አዝኖ ልጁን እንደሚመክር ሰው ቀስ ብለው፦

"ልጄ፣ ቢያጥቡት ቢያጥቡት፣ ዕቃ የጠጣውን አይረሳም" አሉት።